ቀፎው ሲሸጥ

ለስልክ አካል «ቀፎ» የሚል ስም ያወጣ ሰው ማንም ይሁን ማን ዋንጫ ይገባዋል። አንዲት ቃል ብዙ ትነግረናለች። ቀፎ የማር ቤት እንጂ ማር አይደለም። ንብ ካልገባበት ደግሞ ከሸንበቆ ተሠርቶ እበት የተለቀለቀ ባዶ ዕቃ ነው። ገበሬ ቀፎ ለገበያ ሲያወጣ ገዢው ዙሪያውን አይቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ንብ አለበት?» ብሎ ነው። ስልክ ሠሪ ኩባንያዎችም ቀፏቸውን ለገበያ ባወጡ ቁጥር ዋጋውን የቆረጠው የዚህችው ጥያቄ መልስ ነበር።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህ ዓይነቱ ሽያጭ ነው። አንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የከሰረበትን የስማርት ስልክ ክፍል ይሽጥ ወይስ ታግሶ ያስታምም? «ይህ የፈረንጅ ባለአክሲዮን ጭንቀት ነው፤ እኛ ጎንደር ተቀምጠን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል ወዳጄ። አንደኛ፣ በኪሳችን የያዝነው የነዚያን ሰዎች ውሳኔ ነው። ሁለተኛ፣ «ይሸጥ፣ አይሸጥ» እየተባለ በኛም አገር ከቢራ ፋብሪካ እስከ ቴሌ ድረስ ያልተከራከርንበት ነገር የለም። ክርክራችን ግን ሁልጊዜ እዚያው በሁለቱ ቃላት ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን «የከሰረ ይሸጥ» ይላል፤ ሌላው «ቅርስ አይሸጥም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ቡናቸውን ጠጥተው ይለያያሉ። መቼ፣ ለማን፣ እንዴት፣ ምን ይቅር፣ ምን ይሂድ ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም።

ምሳሌዬ ኖኪያ ነው። ከኖኪያ የበለጠ የምናውቀው ፈረንጅ ስላልኖረ ነው።

ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ1865 ፊንላንድ ውስጥ በወንዝ ዳር በእንጨትና በወረቀት ሥራ የተጀመረ ድርጅት ነው። ስሙን ያገኘው ከከተማ ስም ነው። በ1967 ከጎማና ከኤሌክትሪክ ገመድ ፋብሪካዎች ጋር ተዋሐደ። ቦቲ ጫማ ሠርቷል፤ ገመድ ሠርቷል፤ ቴሌቪዥን ሠርቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መከራ ሲያይ በ1992 ሥራ አስኪያጅ የሆነው ዮርማ ኦሊላ ሌላውን ሁሉ እየሸጠ ቴሌኮሙን ይዞ ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ትልቁ ኖኪያ የተወለደው ከሽያጭ ነው። ያኔ «የአያቶቻችን ጎማ አይሸጥም» የሚል ወገን ቢያሸንፍ ኖሮ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ምናልባት ቦቲው ብቻ ነበር።

በ1998 ሞቶሮላን ቀድሞ የዓለም አንደኛ ስልክ ሠሪ ሆነ። በ2000 ገደማ ከፊንላንድ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 4 በመቶ ያህሉ ከዚህ ከአንድ ኩባንያ ይገኝ ነበር። በዚያው ዓመት 3310 ወጣች። በ2003 ደግሞ 1100 ተከተለች፤ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠች፣ ግንባሯ ላይ መብራት ያላት፣ እኛ «ባለ ባትሪዋ» ያልናት። አገራችን የሞባይል አገልግሎት የጀመረችው በ1991 ዓ.ም. ነውና ያቺ ስልክ የደረሰችልን ገና አፋችንን በሞባይል ስንፈታ ነው። ሌሊት ለኪዳን የሚወጣው ቄስ በሷ መንገዱን አይቷል። መብራት ሲጠፋ ልጅ በሷ አጥንቷል። ፈረንጅ «ስልክ» ብሎ የሸጠልንን ዕቃ እኛ ኩራዝም፣ ሰዓትም፣ ደወልም አድርገነው ኖርን።

ከዚያ በጥር 2007 አይፎን መጣ፤ ቀጥሎ አንድሮይድ። ኖኪያ ያኔ ከዓለም የስልክ ገበያ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ይዞ ነበር። ጥጋብ የሚመጣው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ዓለም ስልክን እንደ ኮምፒዩተር ሊገዛ ሲነሣ ኖኪያ ስልክን እንደ ቀፎ መሸጡን ቀጠለ። ቀፎው ጠንካራ ነበር፤ ከደረጃ ቢወድቅ አይሰበርም። ማሩ ግን ሌላ ቤት እየገባ ነበር።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ዘይቤ ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዘይቤ ውሳኔ ነው እላቸው ነበር። ገበሬውን «የአገር ምሰሶ» ስትለው አመሰገንኸው እንዳይመስልህ። ምሰሶ ይሸከማል እንጂ አይጠይቅም፤ አንተም ሳታውቀው ዝም ብሎ እንዲሸከም ፈረድህበት። እንግዲህ በዚህ መነጽር ከማነባቸው የዘመናችን ጽሑፎች መካከል አንዱ፣ በየካቲት 2011 የኖኪያው ሥራ አስኪያጅ ስቴፈን ኢሎፕ ለሠራተኞቹ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የውስጥ ነበር፤ ወዲያው አፈትልኮ የዓለም ሁሉ ሆነ።

ሰውዬው የሚጀምረው በተረት ነው። በሰሜን ባሕር ላይ ከቆመ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው ሌሊት በፍንዳታ ድምፅ ይነቃል። መድረኩ በእሳት ተያይዟል። እንደምንም ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከበታቹ ጨለማና በረዶ የሆነ ባሕር አለ። ከቆመ ይቃጠላል፤ ከዘለለ ምናልባት ይሞታል። ዘለለና ተረፈ። ኢሎፕም ቀጠለና «እኛም በሚቃጠል መድረክ ላይ ነን» አለ። ድርሰት ብለን ብናርመው፣ አጀማመሩ ጥሩ ማርክ ያገኛል። ጉዱ ያለው ውስጡ ነው።

በመጀመሪያ፣ በተረቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኖኪያ ግን የኔትዎርክ ክፍሉን ጨምሮ ከ130 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። አንድ ሰው ይዘላል፤ መቶ ሺህ ሰው ሲዘል ግን ግርግር ነው፣ የሚረጋገጥ አለ። ሁለተኛ፣ ዘይቤው የሚፈቅደው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ እሳቱ ወይም ባሕሩ። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ሰው የሚያቅማማ ፈሪ ሆኖ ይታያል። ደብዳቤው በወጣ በቀናት ውስጥ ባሕሩ የት እንደሆነ ታወቀ። ኖኪያ ስማርት ስልኮቹን በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎን ሊሠራ ተስማማ። ኢሎፕ ወደ ኖኪያ የመጣው በ2010 ከማይክሮሶፍት ነበር። ሦስተኛ መንገድ ግን ነበረ። አንድሮይድ ነበረ። ኖኪያ ራሱ ያሰናዳው ሚጎ የተባለ ሥርዓትም ነበረ፤ በ2011 ኤን9 በተባለች አንዲት ስልክ ወጥቶ ብዙ ምስጋና አግኝቶ እዚያው ተቀበረ። ተረቱ ለነዚህ ቦታ አልነበረውም። በባሕር መካከል መሰላል አይቆምማ!

ሦስተኛውና ለኔ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የነጋዴ ጥያቄ ነው። ኖኪያ በዚያ ሰዓት በየአገሩ ሱቅ ሲምቢያን የተባለውን የራሱን ሥርዓት የጫኑ ስልኮች እየሸጠ ነበር። በ2010 ከዓለም የስማርት ስልክ ገበያ ሲሶው ያህል አሁንም የሱ ነበር። አዲሱ ሉሚያ የተዋወቀው በጥቅምት 2011 ነው። በመካከሉ ያሉትን ስምንት ወራት አስቡ። ባለቤቱ ራሱ «ይህ ዕቃ ተቃጥሏል፣ ሌላ አመጣላችኋለሁ» እያለ ማን ይገዛል? አራዳ ገበያ ላይ ቅቤ የምትሸጥ እናት ይህን ስሕተት አትሠራውም። አዲሱ ቅቤ ከገጠር ሳይገባ በእጇ ያለውን «ሸቷል» ብላ አታውጅም። አበው «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። የኖኪያ የስማርት ስልክ ሽያጭ በዚያ ዓመት ቁልቁል ሄደ። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ክፍሉ ለሽያጭ ሲቀርብ የቀረበው እንዲህ ሆኖ ነው።

ፍርዴ ሚዛን እንዳይጎድለው፣ ደብዳቤው በሽታውን በማወቅ በኩል አልተሳሳተም። እንዲያውም አንድ የተናቀ ትንቢት አለበት። ከአፕልና ከጉግል ሌላ በቻይናዋ ሼንዠን ያሉ ፋብሪካዎች ርካሽ ስልክ እጅግ በፈጠነ ጊዜ እያወጡ እንደሆነ ጠቅሷል። እኛን የሚመለከተን ይኼኛው ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሽያጩ በመስከረም 2013 ታወጀ፤ በሚያዝያ 2014 ተፈጸመ። ዋጋው 5.44 ቢሊዮን ዩሮ ነበር፤ 3.79 ቢሊዮኑ ለስልክ ክፍሉ፣ 1.65 ቢሊዮኑ ደግሞ ማይክሮሶፍት የኖኪያን ፓተንቶች ለአሥር ዓመት እንዲጠቀምበት። ፓተንቶቹ ራሳቸው አልተሸጡም። ወደ 25 ሺህ ሠራተኞች ወደ አዲሱ ጌታ ዞሩ። ፊንላንዳውያን አዘኑ። ኢሎፕ ሲሰናበት 18.8 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደሚያገኝ ሲሰሙ ደግሞ ሐዘኑ ቁጣ ሆነ።

ከዚያስ? ገና ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2014፣ ማይክሮሶፍት 18 ሺህ ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ ከነዚህ 12,500 ያህሉ ከኖኪያ ጋር የተያያዙ ነበሩ። በ2015 በዚሁ ግዢ ምክንያት 7.6 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ። ከከፈለው በላይ ማለት ነው። በ2016 ባለ ቁልፍ ስልኮቹን የሚሠራውን ክፍል በ350 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። የኖኪያን ስም በስልክ ላይ የመጠቀም መብት ኤችኤምዲ ለተባለ አዲስ የፊንላንድ ኩባንያ ሄደ። ንቡ ወጥቶ ቀፎው ከእጅ እጅ ዞረ።

ሻጩ ኖኪያ ግን አልሞተም። በ2013 ከሲመንስ ጋር በእኩል ይዞት የነበረውን የኔትዎርክ ሥራ የሲመንስን ድርሻ በ1.7 ቢሊዮን ዩሮ ገዝቶ ጠቀለለው። በ2015 አልካቴል ሉሰንትን በ15.6 ቢሊዮን ዩሮ ሊገዛ ተስማማ። ዛሬ ማማ ላይ ከሚሰቀሉ የኔትዎርክ ዕቃዎች ጥቂት ታላላቅ አቅራቢዎች አንዱ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 ሥራ ሲጀምር ዕቃ እንዲያቀርቡለት ከመረጣቸው አንዱም ኖኪያ ነበር። ከኪሳችን የወጣው ኖኪያ በማማው በኩል ተመለሰ ማለት ነው፤ አብዛኛው ሰው አላወቀውም እንጂ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ኖኪያ መሸጡ ትክክል ነበር። ጥፋቱ በአሻሻጡ ነው። «ኖኪያ ቢታገስ ኖሮ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አከብራቸዋለሁ፤ ናፍቆታቸው ግን ሒሳብ አይሠራም። ያኔ ስማርት ስልክ ማለት በየዓመቱ ቢሊዮን የሚበላ ሩጫ ነበር። የኔትዎርክ ሥራውንም ያንንም ሩጫ ባንድ ቦርሳ መቀለብ ለኖኪያ አቅሙ አልነበረም። ሁለቱን ይዞ ሁለቱንም ከማጣት አንዱን ለቆ አንዱን ማዳን ብልኅነት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ መኖር ለግለሰብ ይቻል ይሆናል፤ ደመወዝ ለሚከፍል ድርጅት አይቻልም።

ከዚህ ተነሥቼ አራት ጥያቄዎችን ላስቀምጥ። የከሰረ ክፍል ያለው ሁሉ፣ ሼንዠንም ይሁን አዲስ አበባ፣ ከመሸጡ በፊት ቢመልሳቸው የምላቸው ናቸው።

አንደኛው፦ ኪሳራው የዓመት ነው ወይስ የዘር? ዝናብ ያጠፋው ማሳ በከርሞ ያፈራል፤ ዘሩ ያረጀ ማሳ ግን ዝናብ ቢጠግብም አያፈራም። ኤልጂ ስድስት ዓመት ገደማ ከስልክ ክፍሉ በተከታታይ ከሰረ። የጠፋው ገንዘብ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ይህ የዓመት ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው፦ መቼ? ኤልጂ በመጨረሻ ገዢ ፈልጎ አጣ። በሚያዝያ 2021 ክፍሉን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ ስሙ ገና ሲፈለግ ያልሸጠ ሰው ስሙ ሲረሳ የሚገዛው አያገኝም። ግን ለኤልጂ አንድ ነገር ይመስገንለት። በእሳት ተረት ፋንታ ሒሳቡን ተናገረ። ኮሪያ ያሉ ሠራተኞቹን ወደ ሌሎች ክፍሎቹ እንደሚያዛውር፣ የገዙትንም ደንበኞች በጥገናና በሶፍትዌር እንደማይጥል ቃል ገባ። በክብር መዝጋት በውርደት ከመሸጥ የሚሻልበት ቀን አለ።

ሦስተኛው፦ የሚሸጠው ቀፎው ነው ወይስ ንቡ? ጉግል ሞቶሮላን በ2012 በ12.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2014 ለሌኖቮ በ2.91 ቢሊዮን እንደሚሸጠው ሲያስታውቅ ዓለም ሳቀበት። ጉግል ግን አብዛኞቹን ፓተንቶች ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ንቡን አስቀርቶ ቀፎውን ሸጠ ማለት ነው። ኖኪያም ፓተንቶቹን ይዞ ቀርቷል። በነዚህ ሽያጮች ውስጥ በዝምታ የተረፈው ሀብት ይኸው ዕውቀቱ ነው።

አራተኛው፦ ገዢው ማነው፣ ምንስ ሊያደርግበት ነው? ሲመንስ የስልክ ክፍሉን በ2005 ለታይዋኑ ቤንኪው ሲሰጥ ከገዢው ገንዘብ አልተቀበለም። እንዲያውም ወደ 250 ሚሊዮን ዩሮ የሚገመት ድጋፍ ጨምሮ ነው ያስረከበው። የታመመች ላም ከነገለባዋ እንደመስጠት ነው። በመስከረም 2006 የቤንኪው የጀርመን ስልክ ድርጅት ኪሳራውን አወጀ፤ ሦስት ሺህ የሚሆን ሠራተኛ ሜዳ ላይ ቀረ። ጀርመኖች ቁጣቸውን ያወረዱት ግን በገዢው ብቻ አልነበረም፤ ሻጩን ሲመንስን «ልጆቻችንን ለማያሳድግ ሰው ሰጠኸን» አሉት። ትክክል ናቸው። ሸጠህ እጅህን ታጥበህ አትሄድም።

ስለ ሰው ካነሣሁ አይቀር፣ ኖኪያ ከዚህ በኩል የተማረው ነገር አለ። በ2008 ጀርመን ቦሁም የነበረውን ፋብሪካውን ትርፍ እያገኘ ሳለ ዘጋው። ሠራተኛው አደባባይ ወጣ፤ ፖለቲከኞች ሳይቀሩ ስልካቸውን ወረወሩ። ያ ውርደት ሳይረሳ በ2011 ጅምላ ቅነሳ ሲመጣ «ብሪጅ» የተባለ፣ ድልድይ ማለት ነው፣ ፕሮግራም አቋቋመ። ለሚለቀው ሠራተኛ በኩባንያው ውስጥ ሌላ ሥራ፣ ከኩባንያው ውጪ ሥራ፣ ትምህርት፣ ወይም የራሱን ድርጅት እንዲከፍት መነሻ ገንዘብ እንዲያገኝ አደረገ። 18 ሺህ ያህል ሰዎችን የነካ ሲሆን ወደ 1,000 የሚጠጉ አነስተኛ ድርጅቶች ተወልደውበታል። እሳትና ባሕር ብቻ ነው ያለው የተባለበት ያው ኩባንያ ድልድይ ሠራ! የደብዳቤውን ዘይቤ ከደብዳቤው በኋላ የመጣው ሥራ ራሱ አረመው።

ወደ ሰፈራችን ልግባ። እኛ አገር ኖኪያን ከኪስ ያስወጣው አይፎን አይደለም። ያስወጣው ያ በደብዳቤው በአንድ አንቀጽ የታለፈው የሼንዠን ስልክ ነው። ትራንሽን የተባለው ኩባንያ በ2006 ተመሥርቶ ዓይኑን አፍሪካ ላይ ጣለ። ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ ሁሉም የሱ ናቸው። ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ስልክ መገጣጠም ጀመረ። በአማርኛ ፊደል የሚጻፍበት ገበታ አቀረበልን። ሌላው አፍሪካ የወደደው ሁለት ሲም መያዙን ነው ይባላል። እኛ እስከ 2022 ድረስ ያለን ኩባንያ አንድ ቴሌ ብቻ ስለነበር ይህ ለኛ ያን ያህል አልነበረም። እኛን የያዘን ዋጋው፣ ባትሪው፣ ድምፁና ፊደሉ ነው። ታላቁ ኖኪያ ከካሊፎርኒያ የሚመጣውን ጎርፍ ሲያይ ከእግሩ ሥር የሚፈልቀው ውኃ አረጠበው።

አራዳ ላይ ሞባይል የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። ጠረጴዛው ላይ የተፈቱ ስልኮች እንደ ተበለተ በግ ተዘርግተዋል። ይህን ጽሑፍ ሳስብ ጎራ አልኩና «አሁንም ኖኪያ የሚያመጣልህ አለ?» አልኩት።

«አለ እንጂ መምህር!» አለኝ። «ሽማግሌዎች ባለ ባትሪዋን ይዘው ይመጣሉ። ቀይርልን አይሉም፤ ድምፅዋን መልስልን ነው የሚሉኝ። ከሞተ ስልክ ፈትቼ ነው የምገጥምላቸው።»

«ቴክኖስ?»

«እሱማ እንጀራዬ ነው።»

ስለ ሽያጩ፣ ስለ ቢሊዮኑ ነገርኩት። ዊንጩን ሳያስቀምጥ ሰማኝና «ኩባንያው ቢሸጥም ባይሸጥም መምህር፣ እኔ የምጠይቀው መለዋወጫው ይመጣል ወይ ብዬ ነው» አለኝ።

አያችሁ! በነዚያ ሁሉ የሽያጭ ውሎች ውስጥ ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ባለአክሲዮን አለ፤ ቢበዛ ቢበዛ የሠራተኛ ማኅበር አለ። ዕቃውን በላቡ የገዛው ሰውና ያን ዕቃ በእጁ ሕይወት የሚዘራበት ባለሙያ የሉም። አንድ የስልክ ክፍል ሲሸጥ ወይም ሲዘጋ ሄልሲንኪ ላይ የሚጠፋው ሥራ ነው፤ አራዳ ላይ የሚጠፋው ስክሪን፣ ባትሪ፣ የሶፍትዌር እድሳት ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አዲስ ስልክ መግዛት ለደመወዝተኛ ቀልድ አይደለም። ለሀብታም አገር ሰው ያለ ጥገና የቀረ ስልክ ቆሻሻ ነው፤ ለኛ ሰው የወራት ቁጠባ ነው። ስለዚህ በአራቱ ጥያቄዎች ላይ አምስተኛ ጨምሩበት፦ ዕቃውን ለያዘው ሰው ማን ይጠየቃል?

ስለ ቀፎና ስለ ማር ሌላም ትምህርት አግኝተናል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ በእጃችን ያለው ስማርት ስልክ ሁሉ ስማርትነቱን ጥሎ ወደ ባለ ባትሪዋ ወረደ። መደወያና መብራት ሆነ፤ ያውም ቻርጁ ቶሎ የሚያልቅ መብራት። የስልክ ዋጋ ያለው ቀፎው ውስጥ ብቻ እንዳልሆነ ከአንድ ሺህ የገበያ ጥናት የበለጠ ያ ወቅት አስተምሮናል። ኖኪያ ቀፎውን ሸጦ ማማውን ለምን እንደያዘ የገባኝ ያኔ ነው።

በአገራችንም ሽያጭ ላይ ይኸው ጥያቄ ይሠራል። ሜታ አቦ ቢራ በ2012 ለእንግሊዙ ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ጭብጨባ ነበር። ዲያጂዮ አሥር ዓመት ሞክሮ በ2022 ለቢጂአይ አስረክቦ ወጣ። ይህ ፋብሪካ በአሥር ዓመት ሁለት ጌታ ቀየረ። ያኔ ስለ ዋጋው ያወራን ያህል «ገዢው ምን ሊያደርግበት ነው?» ብለን ጠይቀን ነበር? ቴሌንም እንይ። በ2018 ድርሻው በከፊል እንደሚሸጥ ተወሰነ። በጥቅምት 2024 ደግሞ 10 በመቶው ለሕዝብ ቀረበ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነው። ቴሌ የከሰረ አይደለም፣ አትራፊ ነው፤ ከኖኪያ ስልክ ክፍል ጋር አላመሳስለውም። ግን አትራፊውም ቀፎ ሲሸጥ ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ንቡን መስማት ይፈልጋል። ድምፅ ይኖረኛል ወይ፣ ትርፉ መቼ ይደርሰኛል፣ ነገ መልሼ ለማን እሸጠዋለሁ ብሎ ይጠይቃል። ይህን የጠየቀ ሰው አገሩን የጠላ አድርገን ባናየው ደግ ነው።

ጠቅላላ ነገሩን ስቋጨው፣ የከሰረን ክፍል መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ ገና ሳይሸጥ ሠራተኛውን ማስደንበር፣ ዕቃውን በራስ አንደበት ማርከስ፣ የማያሳድግ ሰው መርጦ መስጠት፣ ከዚያም ደንበኛውን መርሳት ነው። ስልክ ሠሪውም ሆነ እኛ ይህን ትምህርት ለማግኘት የግድ ሄልሲንኪ መሄድ አያስፈልገንም፤ ደጋ ያሉ ንብ አናቢዎቻችንን መጠየቅ ይበቃል። ቀፎ ከቦታ ቦታ የሚነሣው ማታ ነው፤ ንቡ ሁሉ ከስምሪት ተመልሶ ከገባ በኋላ። ጭስ ያስፈልጋል፣ ግን በልኩ። በጠራራ ፀሐይ፣ እሳት ለኩሶ፣ «ተቃጠለ!» እያለ ቀፎ የሚያነሣ ሰው ገዢው ደጃፍ የሚያደርሰው ሸንበቆና እበት ብቻ ነው።